ለስድስት ዐሥር ጉዳይ

በመጋቢት ነበር፣ ለስድስት ዐሥር ጉዳይ፣
ፕሩትን የተሻገረው፣ በአሮጌው ድልድይ ላይ።
ከእኩለ ሌሊት በፊት ዐሥር ደቂቃ ምን አላት?
ኮምፒዩተሩ ግን ቆጠራት፤
አንድ ሙሉ ቀን አላት።

«ዘጠናው ቀን አልቋል» አለች መኮንኗ፣
ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ፣ ሳይነቃነቅ ዐይኗ።
«ግማሽ ዓመት ሳይዞር መግባት አይቻልም።»
ኢላርዮን ጣቱን አየ፤ ጣት ለዚህ አይበቃም።

ሁለት ቀፎ ነበር በካፖርቱ ኪስ፤
የስልኩን ወሰዱት ጉዳዩ እስኪጨረስ፣
የክብሪቱን ተዉለት።
በውስጡ ሦስት ንግሥቶች፣ ከነአጃቢዎቻቸው፣
እንዲተነፍሱ በመርፌ ክዳኑን ወግቶላቸው።
ማዶ ያገባች ልጁ፣ ሩክሳንዳ፣
ንቦቿ በውርጭ አልቀው ቀርታ በባዶ ሜዳ፣
«አባባ፣ እናት ይዘህልኝ ና» ብላው ነበር።

የማቆያው ክፍል አግዳሚው ብረት ነው።
ማሞቂያው ያጉረመርማል፣ የሚያሞቀው የለው።
ሻቭካት፣ ኡዝቤኩ ሹፌር፣ ሦስተኛ ሌሊቱ፣
«እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ በቀለ ሽንኩርቱ»
ይላል፣ ጫማውን ተንተርሶ።
ኢላርዮን ሣጥኗን ብብቱ ሥር ሸጉጦ
ሌሊቱን አነጋው ባንድ ጎን ተቀምጦ፤
ንብ በብርድ ትሞታለች። ሰው ግን ይለምዳል፣
እንዲያ ይባላል።

ሲነጋ ወረቀት አወጣ፣ በአራት የታጠፈ፤
የከብት ሐኪም ፊርማ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ፣
ጤናቸው፣ ዘራቸው፣ የተነሡበት መንደር፤
የጎደለ የለ፣ ጊዜው ያለፈበት አልነበር።
አገላብጣ አየችው፣ ወደ ብርሃን ያዘችው፣
«እነሱ ይገባሉ» አለች፤
ያፈረች መሰለችው።

ሩክሳንዳ ተጠርታ ከአግዳሚው ብረት ወዲያ
ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማለች እዚያ።
ከስታለች።
ወይም ካፖርቷ ሰፍቷት ነው።
መኮንኗ ሣጥኗን በሁለት እጇ ይዛ፣
ልክ እንደ ዕንቁላል፣ በዝግታ ተጉዛ፣
ሰጠቻት።
ልጁ አንድ ነገር ጮኸች፤
የጭነት መኪና አለፈ።
ምን እንዳለች አልሰማም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ፣
ሰምቻለሁ እንደማለት።

አውቶቡስ ሲመልሰው ያሰላ ነበር በልቡ፤
መስከረም ሲጠባ ነው የሚከፈት መዝገቡ።
እስከዚያ እነዚያ ሦስቱ ስንት ሺህ ይወልዳሉ!
የአገሩ ልጆች ይሆናሉ፣
የቀፎው ዘበኛ ሆነው አፉ ላይ ይቆማሉ፤
እሱ ደርሶ ክዳኑን ከፈት ሲያደርግ
ጠረኑን አሽትተው፣ እንግዳ ነው ብለው
ይነድፉት ይሆናል።

ፈገግ አለ ለብቻው፣ መስኮቱን ተደግፎ።
«ይንደፉኝ» አለ፤
«ብቻ ልግባ።»