ሳይሰሙ መንቀል

ባልቲክ ባሕር አፋፍ፣ ፓርኑ ወንዝ ዳር ላይ፣
ታርቮ ደጄ መጣ በጥር አመዳይ፤
በክር አንጠልጥሎ የደረቀ እንጉዳይ።

ዘጠኝ ሺህ ለቃሚ ነን በስክሪን ላይ ዱር፣
እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህር፣
ዳኛም፣ ምስክርም፣ እኔው ወታደር።

በመስከረም ማታ «ይህ ይበላል» አለ፤
አንዱ «ገዳይ!» አለው፣ ሺሁ ተከተለ፤
ሾርባ እያማሰልኩኝ፣ ሳልሰማው፣ ሳልጠይቅ፣
አንዴ በጣቴ ነካሁ፤ ስሙ ተነቀለ።

ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ ጸሐፊዋ ስቃ፣
«ያ ዱር የት ወረዳ ነው?» ጠይቃ ጠይቃ፣
መዝገብ ሳትከፍትለት ሸኘችው፦ «እንግዲህ በቃ።»

«ይግባኝ ለማን ልበል፣ ሄልቪ?» አለኝ ከበራፍ።
«ሕግ ይኑር» ልል ነበር፣ ከምላሴ ጫፍ፤
ግን አባቴንም በሕግ ነው፣ በማኅተም፣ በጽሑፍ፣
አራት ዓመቴ ሳለ፣ በመጋቢት ሌሊት፣
ከከብት ፉርጎ ላይ ያሳፈሩት በሰልፍ።
ሕግ ቤት ሲገባ ጫማው ምን እንደሚረግጥ
አውቃለሁ። ሕግ የሌለው ዱርም
ይኸው ደጄ ቆሟል፣ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ።

ክሩን ፈታሁና አንድ አንዱን ዘርግቼ፣
በማጉያ መነጽር ቆብ ግንዱን አይቼ፣
ይበላል። መሰከርኩ፣ ፊቱ ላይ በልቼ።

ስሙን ለመመለስ አንድ ጣት ይበቃል፤
የሺህ አፍ «ገዳይ» ግን በምን ይፋቃል?

«በሕግ አምላክ» ቢሉት ወራጅ ውኃ ይቆማል፤
ያን ማታ ለጣቴ ይህን ማን ብሎታል?
ወንዙ በመስኮቴ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤
በብርድ ነው እንጂ፣ ሕግማ መች ሰምቷል።

ግባ፣ ታርቮ፤ ብርዱም ካንተ ጋር ይገባል።
«ሳይሰሙ መንቀል የለም»፤ አንደኛው ይህ ይባል።
ሁለተኛውን አላውቅም።