ጥራት የሚለው ቃል

መወልወያዬን ከግድግዳው አስደግፌ፣
እጄን እስከ ክርን ታጥቤ፣ ጭንብል ጋርጄ በአፌ፣
ገባሁ፤ ዛሬ ለጽዳት አይደለም የተጠራሁት፣
ለቋንቋዬ ነው፤ ምላሴን ነው ይዤ የመጣሁት።

ውጭ ሰኔ ነው፤ የሳላላ ጉም ተራራውን ውጦ፣
ግመሎቹን ውጦ፣ የኮኮናቱን አናት ቆርጦ፣
ካፊያው መስኮቱን ይዳብሳል ቀስ ብሎ፣
የወሎን ክረምት መስሎ።
ውስጥ ግን ወቅት የለም፤
አንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንድ ዓይነት ብርድ፤ ቀኑ ከሌት አይለይም።
ቲት ይላል ማሽኑ፣ ቲት ይላል፤
ገና እሸት የሆነ ሰው በየአልጋው ተኝቷል።

መዲና ከወንበሯ ናት። የከሚሴ ልጅ።
አራት ወር ያው ወንበር፣ ያው ሻርፕ፣ ያው የአልጋ ደጅ።
ባሏ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሲያወርድ ያድራል፤
ጎህ ሲቀድ ይመጣና በመስታወት አይቶ ይሄዳል።

አንዋር ጉሮሮው ላይ ቀዳዳ አለው፤
በቀዳዳው ቱቦ፣ በቱቦው ትንፋሽ።
ሲያለቅስ ፊቱ ይቀላል፣ አፉ ይከፈታል፣ እንባው ይወርዳል፤
ድምፁ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።
እናቱ በዓይኗ ነው የምትሰማው።

ዶክተር ራያ ቅጿን ዘረጋች፤ «ጥናት ነው» አለች።
ሃያ አራት ጥያቄ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር፣
ከላይ በደማቁ ዐረብኛ፦ ጀውደት አልሐያት።
«የኑሮ ጥራት» ብዬ ተረጎምኩ፤
ቃሉ ምላሴ ላይ አልሟሟ አለ።

ጥራት እኔ የማውቀው
የእህል ነው፣ ማኛ ከሰርገኛ ሲለይ፤
የወርቅ ነው፣ ሚዛን ላይ፤
እዚህም የወለል ነው፤ ተቆጣጣሪው
በነጭ ጨርቅ አሽቶ አይቶ ነው የሚፈርምልኝ።
በሰው ላይ፣ ያውም በአራት ወር ሰው ላይ፣
ነጩን ጨርቅ ማን ያሻል?

«ልጅሽ ይደሰታል ወይ?»
«ገላውን ሲያጥቡት ያኮርፋል።»
«እሱን አይደለም የጠየቁሽ።»
«ሲያኮርፍ ታችኛው ከንፈሩ ቁርጥ አባቱን። ጻፊልኝ።»
ይህ የሚጻፍበት ሳጥን ቅጹ ላይ አጣሁ።

«ሕመምስ?»
«አክታውን ሲስቡለት። በቀን አስራ ሁለቴ።»
ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች።
«አንዳንድ ሌሊት፣ ያ ረቢ፣ ይብቃው እላለሁ።
ነግቶ እግሩን ስስመው ግን የዋልኩበትን አላውቅም።
ይህን አትንገሪያት።»
አልነገርኳትም።
ዶክተሯ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ፤
«አስራ ሁለቴ ነው ያለችው» አልኩ።

«ከሰው ጋር ይጫወታል?»
«ከአንቺ ጋር።»
«ከእኔ?»
«ከባልዲሽ። ጎማው ሲጥ ሲል እግሩን ያወራጫል።
አስር ሰዓት ሲሆን ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጠብቅሻል።
አላየሽም እንዴ?»

አላየሁም። እኔ የማየው ወለል ነው።
ያን ጎማ ዘይት ቀቡልኝ እያልኩ
ዓመት ሙሉ ተነታርኬአለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ደረሰ፦
በጠቅላላው ኑሮው፣ ከአምስት ስንት?
መዲና ቁጥሮቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካች።
«በማን ኑሮ ተለክቶ?» አለች።
ተረጎምኩ። ዶክተር ራያ ቶሎ አልመለሰችም።
«እሱን ብናውቅ ኖሮ
ወረቀት ይዘን አንመጣባትም ነበር በያት።»
አልኳት። ሳጥኑ ባዶውን ታጠፈ።

አስር ሰዓት ላይ ባልዲዬን ገፋሁ። ሲጥ።
ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ አንድ እግር ብድግ አለ፤
ካልሲው ወልቆ ወደቀ።
ደግሜ ገፋሁ። ሁለቱም እግሮች።
አፉን ከፈተ፣ ድምፅ የለም፣
ግን ጠራኝ።
ውጭ ጉሙ አልጠራም፤ እስከ መስከረም አይጠራም።

ካልሲውን አንስቼ ለእናቱ ሰጠሁ።
ለተቆጣጣሪው፣ «የጎማው ዘይት ይቅር» አልኩት።
ለምን አላለኝም።
ጨርቁን አሸት፣ አየት አደረገና
ፈረመ።