ልጥ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ፣ ጉም ደጅ ላይ ሲተኛ፣
ይታይሽ ከች አለች፣ የዘንዶ እረኛ፤
ክንዷ ላይ ጥቅል አለ፣ በአውቶቡስ መጥቶ፣
በላስቲክና ላስቲክ መሀል ከሰል ተቀብቶ፣
ዳርና ዳሩን መዳብ እንደ ጥበብ ገብቶ።
"እባብ ያየ" ይሉ የለ፣ "በልጥ በረየ"፤
እኔ የጀመርኩ ከልጡ፣ እባቡን ማን አየ?

ነገሩ እንዲህ ነው።
ከደጀን ቁልቁል፣ ዓባይ በረሃ፣
አስፓልት ሊሞቅ ወጥቶ ሲኖ ጭራውን ዳጠው፤
ሾፌሩ ደግ ነው፣ በጆንያ ጠቅልሎ ለመምህርቷ ሰጠው።
ቆላ ያደገ ፍጡር ደጋ ላይ ምን ይሆናል?
የዋጣት አይጥ እንኳ ሳትፈጭለት ሆዱ ውስጥ ትሸታለች።
"ስንሻው፣ በሞቴ፣ አሙቅልኝ" አለች።

የእሷን ሞት ተወው፤ እኔ የፈራሁ የራሴን፤
ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ከዘንዶ ሥር ማንጠፍ!
በምላጭ መዳቡን ገለጥኩ፣ ሞርሴቶውን በፒንሳ ነከስኩ፣
ናስትሮ በናስትሮ ላይ፣ ሁለቱንም ጫፍ አለበስኩ፣
የውሃ ዕቃው ቢደፋ፣ ሽንቱ እንኳ ቢፈስ፣
ወደ መዳቡ እንዳይደርስ።

ከመስታወቱ ሥር፣ ከወለሉ ሲሶ፤
ሁለቱ እጅ ይቀዝቅዝ፣ ሲሞቀው እንዲሄድ፣ ሲበርደው እንዲመጣ ተመልሶ።
ሲሶ ትንሽ አይደለም፤
አያቴ ለሲሶ መሬት ችሎት ደጅ ላይ ነው ያረጀ።

ግን ልጡ ልብ የለውም፤
ከሰኩት ይግላል፣ ማቆም አልተማረም።
ለዚህ ነው ሰላዩ ሽቦ፣ ጫፉ ምስር የሚያህል፣
"ሠላሳ ሁለት ሞላ" እያለ ለቴርሞስታቱ የሚያሳብቅ፤
ያኛው ቀጭ! ይዘጋል። ሲበርድ፣ ቀጭ! ይከፍታል።
ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ፤
እሷ እንቅልፍ ነሳኝ ትላለች፣ እኔን ደስ ይለኛል።

በአራተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ስልክ።
"ቀጭ አላለም" አለች።
ይህን ብቻ። በዝናብ ሮጥኩ።
ሰላዩ ከልጡ ተላቆ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣
የሐምሌን ብርድ እያሸተተ፣ "በረደ፣ ጨምሩ" ብሎ፣ ብሎ፣
መስታወቱ እጅ አያስነካ።
ዘንዶው ንቅንቅ የለ! ተኝቶበታል ለካ፤
በእሱ አገር ፀሐይ ከሥር ወጥታ አታውቅም፤
ሆዱ እየነደደ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ
ጣራውን ያያል።

ስፒናውን ነቀልኩ።
የለቀቀው የእኔ ናስትሮ ነው፤ አልሸሸግሁም፣ ነገርኳት።
አልተቆጣችም። ቅባት ቀባችው፤ እኔ ባትሪ ያዝኩላት።

መስከረም ሲጠባ ቆዳውን ቀየረ፤
አሮጌውን አምጥታ ሰጠችኝ፣ ለሱቄ።
ሆዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ጠባሳ ታትማለች፤
እሷን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰቀልኩት።

ትናንት አንድ ደንበኛ ቀና ሲል በርግጎ ደጅ ወጣ፤
"ልጥ ነው" አልኩት፣ "ልጥ!"
ሬዲዮኑን ጥሎ እስካሁን አልመጣ።