ጳጉሜን ስትገኝ

ግሬደሩ መጣ፣ አጥሬን ገፍቶ አለፈ፣
ሰባት ባሕር ዛፌን ጭቃ ላይ አነጠፈ።
ነሐሴ ስድስት ቀን ወረቀት ተለጠፈ
ቱሉ ዲምቱ፣ ከወረዳው በር ላይ፤
ዝናብ ልሶት ልሶት፣ የቀረው የሚታይ
“ካሣ ጠያቂዎች... በሠላሳ ቀን ውስጥ” የምትለዋ ናት።

እኔም በጣቴ ቆጠርኩ፣ አንድ ሁለት ብዬ፣
መስከረም ስድስት ደረስኩ፣ ጳጉሜን ዘልዬ።
ምነው ቢሉ፣
ልጄ ዱጋሳ የዚያው መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነው፣
አምስቱንም ሌሊት ብርድ ላይ ቆሞ ነው የሚያነጋው፤
ደሞዙ ላይ ግን ጳጉሜን የለችም።
ያልተከፈለባት ቀን፣ ቀን ትሆናለች አላልኩም።

መስከረም ሦስት ሄድኩ፣ ፋይሌን ታቅፌ፣
የሰባት ጉቶ ፎቶ፣ የግብር ደረሰኝ
በላስቲክ ሸፍኜ፣ በጠዋት ተሰልፌ።
የመዝገብ ቤቷ ርብቃ ቀኑን አይታ አየችኝ፤
“አባባ፣ ከትናንት ወዲያ አበቃ” አለችኝ።
“ዕንቁጣጣሽ እኮ ነው! ዝግ አልነበረም በሩ?”
“ዝግ ነው። ግን ይቆጠራል።”
“ጳጉሜንስ?”
“አምስቱም ተቆጠሩ።”

ዱጋሳ ልጄ፣ ደስ ይበልህ፤
ስንት ዓመት ከደሞዝህ የጠፉት አምስት ቀናት
መዝገብ ቤት ተገኝተዋል፣
ማኅተም ተመትቶባቸው፣
በእኔ ስም።