መሸኛ

መስኮት ቁጥር ሦስት ነኝ፤ ከሰኞ ገበያ ማዶ፣
ክረምት በገባ ቁጥር ዶሴ የሚርስበት ክፍል፣ ጣሪያው ተቀዶ።
መዝገብ እገልጣለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣
“ነዋሪ ነው”፣ “አይደለም”፤ ሁለቱንም በአንድ እጅ እፈርማለሁ።

ሐምሌ ነበር። ጦሳን ጉም ውጦት፣ ረፋድ ላይ፣
ሉባባ እንድሪስ መጣች፤ ከላስቲክ ውስጥ አራት ጉርድ ፎቶ፣ ጆሮዋ ከሻሿ ውጭ የሚታይ።

“መታወቂያ ነበር” አለች። “ሲም ካርድ እንኳ ላወጣ።
ያለሱ ባንክ የለም፣ ሥራ የለም፤ ወላሂ፣ ያለሱ እኔም የለሁ፣ ከየት ልምጣ?”

“ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ ይዘሽ ነይ” አልኳት፤
አፌ ስለለመደው ነው። ቀና ብዬም አላየኋት።

ሰልፉ ከኋላ ገፋ።
ሳቀች፤ ትንፋሿ መስታወቱን አለበሰው፣ ፊቷ ጠፋ።

“የነበርኩበት ጅዳ ነው” አለች። “ቀበሌው ከፊል ይባላል፤
ያስመጣሽ ሰው ነው፣ ፓስፖርትሽን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል።
ሁለት ረመዳን አለፈ ኢቃማዬን ሳያድስልኝ፤
ደሞዜን ስጠይቀው ‘ሕገ ወጥ ነሽ’ አለኝ።
ከፊሌ ከፊሌን ወሰደው። የቀረችኝን ከፊል
ይዤ በሌሊት ወጣሁ፤ አራት ዓመት ያለ ወረቀት፣
ከሠርግ አዳራሽ ሠርግ አዳራሽ ሰሃን ሳጥብ፣ ስንከባለል።

“እዚህ ሸዋ በር መስጊድ ኢቃማ ሲባል ሰው ይቆማል በሰልፍ፤
እዚያ ‘ኢቃማ!’ ሲሉ ሰው ይበተናል፤ ጫማ ብቻ ይቀራል በደጃፍ።

“መሸኛማ ሰጥተውኛል” አለች፤ አሥሩን ጣቷን ዘረጋች፣
መስታወቴ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ጫን እያደረገች።
“ይኸው። ከዚያ አውሮፕላን። ሻንጣዬ አልደረሰም።
ስሄድም ቢሆን፣ በአይሱዙ ሸራ ሥር ሐረጎን ስንወርድ፣
ከአንድ ውሻ በቀር የሸኘኝ የለም።”

መዝገቡን አወረድኩ። የአባቷን ቤት ቁጥር ፈለግሁ፤ አቧራ፣ የአይጥ ንክስ።
ገጹ ላይ፦ ሉባባ እንድሪስ። ሴት። ተማሪ፣ እስከ ዘጠኝ ድረስ።
ከጎኑ በቀይ፦ “የለችም”።
የማን ጽሕፈት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤
“ም” ስጽፍ ጭራዋን አስረዝማለሁ፤ ይህን አመል ከልጅነቴ አልተውኩም።

መመሪያውን አገላበጥኩ። ስለ ሻንጣ የለ፣ ስለ ውሻ የለ።
ከቀዩ ሥር በሰማያዊ “አለች” ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ እየዋለለ።

ኃላፊው በትከሻዬ በኩል አነበበ። “ምን አለች?” ሲል ጠየቀኝ።
“ምንም አላለችም፤ አለች” አልኩት። ዝም አለኝ።

ካርድ አልቋል፣ መብራት የለም፤ ለሐሙስ ቀጠርኳት።
ማታ ጽዳቷ መስታወቱን ልትወለውል መጣች፤
“ዛሬ ይቅር” አልኳት።