የጋሪው ቀዳዳ

ጋሪ ሠሪ ነበርኩ፣ ዛሬም ጋሪ ሠሪ፤
ከቦሄሚያ መንደር፣ ከወንዙ ዳር ኗሪ።
ገብስ ተጭኖበታል፣ ፍግ ተጭኖበታል፣
ሙሽራም አስከሬንም በእጄ ሥራ ሄዷል።

በመከር ሰሞን ነው፣ መጥተው «ሂኔክ ስማን፤
ጎኑን ከፍ አድርገህ ቀዳዳ ብሳልን፣
በየመንኮራኩሩ ሰንሰለት እሰርልን»።
«ለምን?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ
በጣቱ አነጣጥሮ ሳቀ፣ እንደ ልጅ ሆኖ።

እስከዚያ ዘመን ድረስ ጦርነት የጌታ፣
ፈረሱም ብረት ለብሶ እንደ ናዳ ሲመታ፤
ገበሬ ምን ነበረው? መንሽ፣ የመውቂያ በትር፣
ካመለጠ ጫካ፣ ከተያዘም ቀብር።

ጋሪዎቼን ወስደው፣ ኮረብታው አናት ላይ
ጎን ለጎን አሰሯቸው፣ ከተማ ነው ሲታይ።
ባለ መንሹ ከላይ፣ ባለ ጠመንጃው ከሥር፣
ቦዜና ድንጋይ ስታቀብል፣ ቪቴክ ልጄ ባሩድ ሲሰፍር።
በመውቂያው ዱላ ጫፍ ምስማር ተመታበት፤
ያን ዓመት አውድማው ሌላ እህል መጣበት።

ፈረስን ያኔ አወቅሁት። ሞት አይፈራም ፈረስ፤
ሳንቃ ግን ይፈራል። ደረቱን ከሚያፈርስ
ሳንቃው ፊት ቆመና፣ ጌታውን አንጋሎ
ወረወረው ጭቃ ላይ፣ እንደ ጆንያ ጥሎ።
ብረቱ አላስነሣው፣ እንደ ጢንዚዛ ቀርቶ፤
የወፍጮ ቤቱ ሎሌ መጣ ከሥር ወጥቶ፣
መውቂያውን ከፍ አድርጎ...
                         የቀረውን አልናገርም።
ዛሬም ገብስ ሲወቃ አውድማ ዳር አልቆምም።

ብልሃት እንደ ድመት ናት፣ የአንድ ቤት አይደለችም፤
በጎረቤት ምድጃ ስትሞቅ አታፍርም።
በሦስተኛው ዓመት ጠላትም ጋሪ ነዳ፣
የኔን ስፋት ለክቶ፣ በኔው ልክ ቀዳዳ።
ምናልባት ካንዱ ወዳጄ፣ ከአናጢ ቤት ገዝቶ፤
እንጨት ወገን የለውም፣ ይሄዳል ተጎትቶ።

ከዚያ አንድ ቀን ሸሹ። ጀርባቸውን አየን።
«ያዛቸው!» አለ አንዱ። ሰንሰለቱ ተፈታ፤
የመጀመሪያውን ቋጠሮ ቪቴክ ነው የፈታ።
ሽሽቱ ሽሽት አልነበረም።
ሳንቃው አልተሰበረ፣ መንኮራኩሩም አልወለቀ፤
በሩን የከፈተው እጃችን ነው። ያለቀው በዚያው አለቀ።

አሁን መድፉ ራሱ እግር አበጅቷል አሉ፣
ግንብ እንደ ዳቦ ሲቆርስ አይተናል ይላሉ።
ነገ ደግሞ ለመድፉ ሌላ ይመጣበታል፤
ሰው ሳንቃ ባየ ቁጥር መሰርሰሪያ ያምረዋል።

ትናንት አንድ አሮጌ ጋሪ ጎኑን ስጠርብ
መጥረቢያዬ እርሳስ ነክሶ ስለቱ አለ ረገብ።
«ይችንስ ቀዳዳ ልድፈናት?» አለኝ ልጁ፣ ለማጅ ነው፣
ምስማር በጥርሱ ይዞ፣ መዶሻው በእጁ ነው።
በአውራ ጣቴ ለካኋት። የቪቴክ ዓይን ቁመት ላይ ናት።

«ተዋት» አልኩት። ዛሬ ገብሱን ወፍጮ ስንወስድ
ፍሬ በፍሬ ታፈሳለች እስከ ወንዙ መንገድ፤
ድንቢጦች ተከትለውን፣ ጥይት የማያውቁ፣
ከኋላ ይለቅማሉ፣ እየተናጠቁ።