ተጠሪ፦ ጉጉት

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከፖስታ ቤት ኋላ፣
አንድ የዋንዛ ሣንቃ ተጋድሟል በጥላ።
ዐሥራ አራት የቀለም ብልቃጥ፣ ዘጠኝ ሰዓት በላዩ፣
አንዳቸው ካንዳቸው በቃል የሚለያዩ፤
አንዱ ሦስት ሲለኝ፣ አንዱ ዐሥር ሩብ ጉዳይ፣
አንዱ ጭራሽ ቆሟል፣ አንጋጦ ወደ ላይ።

"ይሄ ሁሉ ምንህ ነው?" ይለኛል የመጣ።
እኔም አላውቀውም። ቅዳሜ ስወጣ
እጄ ነው የሚያውቀው፦ ከሐጂ ኑርየ ዘንድ
ከዛገ ምስማር ሥር፣ ከተበጠሰ ገመድ፣
የሚያብለጨልጭ ሲያይ ፈልፍሎ መውሰድ።

የመጀመሪያዋን ያገኘኋት ለታ
ሚጥሚጣ ይዛ ነበር፣ ተቀምጣ ገበታ።
ሳጥባት ወጣ ጽሑፍ፣ የባሕር ማዶ ፊደል፤
መምህር ባየ አነበበው፣ መነጥሩን ሲያጋድል፦
"ቤትህን ከእሳት የምዋስ ኩባንያ ነኝ" ይላል።
የራሷ መቀመጫ ግን፣ እንጨቱ፣ ከስሏል።

ሁለተኛዋ ጎማ ናት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣
የጎማ ነጋዴ ለደንበኛው የሚሰጥ፤
"መንገድ የማይበግራት" ተብላ የታተመች፣
ሊማሊሞ ቀርቶ ጠረጴዛ ያልዞረች።

እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት
ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ዣንጥላ ሥር፣
የሰው እንባ በመስመር
በመስመር ስደረድር፣
"ተበደልኩ" እያልኩኝ
በባለጉዳይ አፍ፣
ስለ ራሴ አንድ ቀን
አላውቅም ስጽፍ።

ከሰዓቶቹ ሁሉ የባሰችው ጉጉት ናት።
ግራ ዓይኗ ሰዓት ነው፣ ቀኝ ዓይኗ ደቂቃ፤
ታንከባልላቸዋለች ማንም ሰው ሳይነቃ።
የርሷ ዐሥራ ሁለት የኛ ስድስት ነበር፤
ስድስት ሰዓት አዞርኳት፣ እንድትለምድ አገር።
ጥሩዬ ስታያት ከበሩ ላይ ቀረች፤
"ጉጉት ቤት አታድርም፣ ሟርተኛ ናት" አለች።

አንድ ክረምት ታዲያ፣ ካንዷ ብልቃጥ ሥር
ሐምራዊ ቅርፊት አየሁ፣ የደረቀ እንደ አፈር።
ሦስት ጠብታ ውሃ። ጠበቅሁ።
ቀለሙ ተነሣ! ስንት ዘመን ተኝቶ፣
እንደ ሕፃን ልጅ ጣቴን፣ አፍንጫዬን ቀብቶ።
"ጻፍበት እንግዲህ" አለች ጥሩዬ ቁጭ ብላ።
"ምን ልጻፍ?"
"ማመልከቻ። ምን ታውቃለህ ሌላ?"

አመልካች፦ ወይዘሮ ጥሩዬ ማሩ።
ተጠሪ፦ ጉጉት፤ አድራሻ፣ መስኮቱ ዳሩ።
የክሱ ፍሬ ነገር፦ እንቅልፍ መንሣት፣
ዓይን ማጉረጥረጥ በሌሊት፣
የሰው ዕድሜ ጮክ ብሎ መቁጠር፣
ያውም በሰው ቤት።

ጸሐፊውም እኔ፣ ዳኛውም እኔው ነኝ።
ተጠሪ ጓዳ ትግባ አልኩ። ይግባኝ የለም አልኩ።
አመልካች ሳቀች፤ እኔም ከፋኝ።

ሐምሌ ላይ ታመምኩ። ዐሥራ ሰባት ቀን
ጣራ ስቆጥር ከረምኩ ሆስፒታል።
ስመለስ መደርደሪያው ጭጭ ብሏል።
ካልጠመዘዟቸው በሦስተኛው ቀን ይሞታሉ፤
ያን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣
ወይም እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ከጓዳ ግን ድምፅ አለ።
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
ገብቼ አየሁ፦ ጉጉት ዓይኗን ታዞራለች፣
ሰዓቷ ልክ ነው፣ በኛ አቆጣጠር።

ጥሩዬ ምንም አላለች። ሽንኩርት ትልጣለች።
ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስትመልስ ብቻ
ከጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ አየሁ፤
የሳንቲም አይደለም፣
ሁለት ጆሮ አለው፣ እንደ ቢራቢሮ፣
እንደ ትንሽ የመጠምዘዣ ቁልፍ።